የኤርጫፎ ሰባት ሰከንድ

ኤርጫፎን ያስቸገረው የሴቻ ዳገት አይደለም፤ ከንፈር ነው።

ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ከዓባያ ሐይቅ ማዶ ብቅ ስትል፣ ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ተነስቶ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ የሚወጣውን አስፋልት ይያያዘዋል። ግራ እጁ ይቀዝፋል፤ ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች ስለሌለ የተቋጠረ እጅጌ ብቻ ከጎኑ ይወዛወዛል። መንገድ ዳር ያለው ሰው በሙሉ፣ ሙዝ የሚጭነው፣ ባጃጅ የሚያጥበው፣ ቤተ ክርስቲያን ስሞ የሚመለሰው፣ እጅጌውን ባየ ቁጥር ከንፈሩን ይመጥጣል። "እምጽ! አይዞህ ወንድሜ፣ እግዜር ያውቃል!" ይለዋል። አይዞህ መባል ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን ያው ሰው፣ ከኤርጫፎ ኋላ እያለከለኩ ለሚመጡት ሁለት እጅ ላላቸው ሯጮች "ምን ትጎተታላችሁ? ሩጡ እንጂ እናንተ ሰነፎች!" ነው የሚላቸው። ኤርጫፎ እንደ እነሱ መሰደብ አማረው። ስድብ አማረኝ የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነበር።

ከሁሉ የባሱት እማማ በለጥሽ ነበሩ። ደግ ሴት ናቸው፣ ክፋት አያውቁም፤ ችግሩም ይኸው ነው። በዳገቱ አጋማሽ፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ሙዝ ይሸጣሉ። አንድ ቀን ኤርጫፎ በሙሉ ኃይሉ ሲያልፍ ብድግ ብለው ሸሚዙን ያዙትና አስቆሙት። "ጉልበት ይሆንሃል ልጄ" ብለው ሦስት ሙዝ አስታቀፉት። አንድ እጅ ያለው ሰው ሦስት ሙዝ ይዞ እንዴት ዳገት እንደሚሮጥ እሳቸው አላሰቡበትም። እንቢ ቢል ደግሞ በማግስቱ ከተማው "የዚያ ቆራጣ ትዕቢት!" ሊል ነው። ስለዚህ ሙዞቹን እንደ ሕፃን ታቅፎ ሴቻ ድረስ ሮጠ።

እጁን ያጣው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። ካምባ አጠገብ ባለች መንደራቸው ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። የመንደሩ ወጌሻ የገዛ አጎቱ ነበሩ፤ እንደ ልጃቸው የሚወዱት አጎቱ። የቀርከሃ ስንጥር ዙሪያውን ደርድረው፣ አጥንቱ ዳግመኛ እንዳይላቀቅ ብለው፣ ከፍቅራቸው ብዛት አጥብቀው አሰሩት። ልጁ "ላላ አድርጉልኝ" እያለ ሦስት ቀን አለቀሰ። "ትንሽ ቻለው፣ ለአንተው ነው" አሉት። በአራተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቁረው ሆስፒታል ሲደርስ የቀረው ነገር መቁረጥ ብቻ ሆነ። አጎቱ ከዚያ ወዲህ የማንንም አጥንት አላሰሩም። ኤርጫፎም አንድ ቀን እንኳ አልወቀሳቸውም፤ ግን "ለአንተው ነው" የሚል ቃል በሰማ ቁጥር እነዚያ የሌሉት ጣቶቹ ይደነዝዙታል።

ሲያድግ ወደ ሲቀላ ወርዶ የባጃጅ ተራ አስከባሪ ሆነ። ድምፁ ጎላ፣ ፍርዱ ቀጥ ያለ ስለነበር ሾፌሮቹ ይፈሩት ነበር። ስብሰባ ላይ ግን ጉድ ይፈላል። ሊቀመንበራቸው "አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም" ብሎ ንግግሩን ሲከፍት፣ አዳራሹ በሙሉ ወደ ኤርጫፎ ዞሮ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ሊቀመንበሩም ላብ በላብ ሆኖ ይቅርታ ይጠይቃል። ኤርጫፎን ተረቱ አላስቀየመውም። ይቅርታው ነው ያንገበገበው።

በዚህ ሁሉ ከንፈር መሐል ከንፈራቸውን ያልመጠጡለት አንድ ሰው ነበሩ፤ ጋሽ ተክለጻድቅ። ከጎጃም መጥተው ሠላሳ ዓመት ስፖርት ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቤት መቀመጥ አልሆንላቸው ብሎ አሥራ ሁለት ሯጮች ሰብስበው የሚያሠለጥኑ ሽማግሌ ናቸው። ኤርጫፎ መጀመሪያ ወደ ሜዳው ሲመጣ ጉማጁን እጅ አዩት፣ ዙሪያውን ዞሩት፣ ከዚያ "ይሄ ወገብህን ያጣምመዋል። ግራ ትከሻህን ዝቅ እያደረግክ ትሮጣለህ። ግባ፣ ምን ትገተራለህ?" አሉት። አለቀ። ደህና ሲሮጥ ዝም ይሉታል፤ ሲያጠፋ "ግመል!" ብለው ይጮሁበታል። መጀመሪያ የጮሁበት ቀን ኤርጫፎ ግመል በመባሉ እየሳቀ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ እሳቸውን እንደ አባት ነው የወደዳቸው።

ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ማንም ሳያዝንለት ማሸነፍ፣ ካልሆነም ማንም ሳያዝንለት መሸነፍ። ብዙ ነገር አልጠየቀም። ግን የጠየቀው ከተማው ያልነበረውን ነገር ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይ የከተማው የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ተካሄደ። ከሲቀላ ተነስቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው አቅጣጫ ሄዶ ይመለስና በዳገቱ ወጥቶ ሴቻ ላይ ያበቃል። አንደኛ የወጣ ሰው ለክልሉ ውድድር ሐዋሳ ይላካል። የዚያን ቀን ሁሉም የፈራው ቴዎን ነበር፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የሚማር፣ ከኤርጫፎ ጋር በጋሽ ተክለጻድቅ ሥር የሚሠለጥን ቀጭን ልጅ ነው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ አራት ሰዎች አብረው ነበሩ። ዳገቱ ሲጀምር ኤርጫፎ ወጣ ብሎ መምራት ጀመረ። ከኋላው ትንፋሽ አልሰማም። "ጥያቸው ሄድኩ" ብሎ አሰበ። ልቡ ልትፈነዳ ደረሰች። ሴቻ ላይ ሪባኑን በደረቱ ሲበጥስ ሕዝቡ አለቀሰ፤ እሱም አለቀሰ። ጋሽ ተክለጻድቅ ግን መጥተው አላቀፉትም። ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ሐይቁ ያዩ ነበር። "ሲያስደስታቸው ዝም ማለት ልማዳቸው ነው" ብሎ አለፈው።

ሐዋሳ ላይ ሠላሳ አራተኛ ወጣ። ሆዴን አሞኝ ነበር አለ፤ ሰውም አመነው። እዚያ እንኳ ከአሸናፊው ይልቅ ለእሱ ነው የተጨበጨበው። አርባ ምንጭ ሲመለስ የሩጫው አዘጋጅ ኮሚቴ ፎቶውን በትልቅ ባነር አሳትሞ ሲቀላ ላይ፣ ልክ እሱ ከሚሠራበት ከባጃጁ ተራ በላይ ሰቅሎት ጠበቀው። ሪባኑን ሲበጥስ የተነሳው ፎቶ ነው። ከሥሩ "አካል ጉዳተኝነት አለመቻል አይደለም" ይላል። መጀመሪያ ላይ ኤርጫፎ ባነሩን በቀን አሥር ጊዜ ቀና ብሎ ያየው ነበር። ምን ይደረግ፣ ደስ ብሎታል።

ነገሩ የፈረጠው ግንቦት ላይ ነው። ዳገቱን ተለማምደው ሲጨርሱ ቴዎ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ኤርጫፎ እየሳቀ "አንተ ቴዎ፣ እንዲህ ስትልፈሰፈስ ነው እኮ በጥር የበለጥኩህ" አለው።

ቴዎ ቀጥ አለ። "አልበለጥከኝም" አለ።

"እ?"

"አልበለጥከኝም ኤርጫፎ። ተበለጥኩልህ። ሁላችንም ተበለጥንልህ። ጋሽ ተክሌ ናቸው ያዘዙን። ያን ቀን ጠዋት ሰብስበው 'ዳገቱ ከጀመረ በኋላ ማንም ኤርጫፎን እንዳይቀድም' አሉን። ሐዋሳ መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።" አንገቱን ደፋ። "ወይም አንተ። ማን እንደነበረ አሁን ማን ያውቃል?"

ኤርጫፎ ዳገቱን ቁልቁል ወርዶ፣ ሲቀላን አልፎ፣ በላብ እንደተጠመቀ ጋሽ ተክለጻድቅ ቤት ገባ። ሽማግሌው ግቢያቸው ውስጥ ማንጎ ሥር ተቀምጠው ጫማ ይሰፉ ነበር፤ የእሱን የኤርጫፎን ጫማ። ገና ፊቱን ሲያዩ ወስፌውን አስቀመጡ።

"ነገሩህ" አሉ።

"እውነት ነው?"

"ኮሚቴው ሊያስወጣህ ነበር። 'ዳገት ላይ ወድቆ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል? ተመልካቹም ይሳቀቃል፤ ለእሱ ሌላ ቀን ለብቻው ሦስት መቶ ሜትር እናዘጋጅለት' አሉኝ። አንድ ጊዜ ካሸነፈ ማንም አይነካውም ብዬ አሰብኩ። ተሳሳትኩ እንዴ? ይኸው፣ አሁን ሊያስወጡህ የሚደፍሩ አሉ? ለአንተው ነው ያደረግኩት፣ ልጄ።"

የሌሉት ጣቶቹ ደነዘዙ። "ዝም ቢሉኝስ ኖሮ? ዝም ብለው ቢያስሮጡኝ፣ ምናልባት አሸንፍ ነበር።"

"ምናልባት" አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ።

"ያቺን ምናልባት ነው የወሰዱብኝ" አለና ጫማውን ሳይወስድ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር፣ የሽማግሌውን ስሌት ብዙ ሰው አይነቅፈውም። እኔ ግን እነቅፈዋለሁ። ከንፈር መጣጩን ሰው ያውቀዋል፣ ይጠነቀቀዋል። ከንፈሩን ሳይመጥጥ የሚያዝን ሰው ግን እንደ አጎቱ ማሰሪያ ነው፤ ደሙን እስኪያቆመው ድረስ መጥበቁ አይታወቅም።

በማግስቱ ኤርጫፎ ሜዳሊያውን በላስቲክ ጠቅልሎ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ወሰደ። "ይሄ የእኔ አይደለም፤ የቴዎ ነው፤ ወይም የማንም አይደለም" አለው። ሰብሳቢው መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ፊቱ ፈካ፤ ከዚያ ዕንባ አቀረረ። "ይሄን ትሕትና አያችሁ?" ብሎ ቢሮው ውስጥ ያሉትን ጠራ። ኤርጫፎ "ትሕትና አይደለም፣ ሯጮቹ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነው" ቢልም፣ "የአሸናፊ ትሕትና ይኼ ነው!" እያሉ ትከሻውን መቱት። በሳምንቱ ከተማው በሙሉ "ኤርጫፎ ክብር አይፈልግም፣ ሜዳሊያውን ለወጣቶች ሊሰጥ ነበር" አለ። ባነሩም ወርዶ በእጥፍ የሚበልጥ ሌላ ተሰቀለ። እንግዲህ ሰውየው ከገዛ ፊቱ ሥር ቆሞ ከጠዋት እስከ ማታ ባጃጅ ያሰልፋል። ተሳፋሪው ቀና ብሎ ባነሩን፣ ዝቅ ብሎ እሱን ያያል፤ እምጽ ይላል። ኤርጫፎ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ማለት ተወ።

ከጋሽ ተክለጻድቅ ጋር መነጋገርም አቆመ። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው አንገቱን ሰብሮ ያልፋል። ከተማው ምክንያቱን ባያውቅም ፍርዱን ሰጠ። "ከምንም አንስተውት! የበላበትን ወጪት ሰባሪ!" አለ። ወሬው ምዕራብ ዓባያ ደረሰ፤ ከዚያም ዞሮ ዞሮ ካምባ ገባ።

ኅዳር 2006 ላይ፣ እኩለ ቀን ነበር፣ ተራው ላይ ባጃጆቹ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ኤርጫፎ ሲዞር ስድስት ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው አስፋልቱ ላይ ተንበርክከዋል። ከፊት ያሉት አጎቱ ናቸው። ከጀርባቸው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጋሽ ተክለጻድቅ ቆመዋል። በጋሞ ምድር አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከተንበረከኩ አልፎ የሚሄድ ሰው የለም፤ ነፍስ የጠፋበት እንኳ ይቆማል። እርቁ ከተያዘ ደግሞ ያ ነገር ዳግመኛ አይነሳም። ያነሳው ሰው ሣሩን እንደረገጠ ይቆጠራል።

"ልጃችን" አሉ አጎቱ በጋሞኛ፣ "ምን እንዳስቀየመህ አንጠይቅህም። ሰውየው አባትህ ናቸው። ይቅር በል።"

ኤርጫፎ የአጎቱን ጉልበት አየ። አስፋልቱ ያቃጥል ነበር። "ይቅር እንድል አንድ ነገር ልጠይቅ" አለ።

"ጠይቅ።"

"አንድ ሩጫ። በጥር። ማንም ለማንም የማይለቅበት።"

አጎቱ አልገባቸውም፤ ግን ወደ ጋሽ ተክለጻድቅ ዞረው በአማርኛ ነገሯቸው። ሽማግሌው ግን ነገሩ ከማንም በላይ ገባቸው። "ለአንድም ሯጭ አንዲት ቃል አልተነፍስም። በነዚህ አባቶች ፊት ምያለሁ" አሉ።

ከአባቶች የሚቀበሉትን በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት። ኤርጫፎ ሣሩን በአንዱ ተቀበለ። ባጃጆቹ ጥሩንባቸውን ነፉ፣ ሴቶች እልል አሉ። ያን ሰዓት ያሸነፈ መስሎት ነበር። ተራው ላይ ቆሞ እንደገና ማሰለፍ ሲጀምር ነው የገባው፤ ከእንግዲህ ያለፈውን ዓመት እውነት ለማንም መናገር አይችልም። ባነሩም በሕግ ጸደቀ ማለት ነው።

ጥር ደረሰ። ጋሽ ተክለጻድቅ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ለማንም ምንም አላሉም። ኤርጫፎ እንዲህ ያለ አቋም ላይ ሆኖ አያውቅም ነበር። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ እሱ፣ ቴዎና ሌሎች አምስት አብረው ነበሩ። ሰውነቱ ቀለለው። ወጣ አለ። መምራት ጀመረ።

ከኋላው ትንፋሽ አልሰማም።

ፍጥነቱን ትንሽ ቀነሰ። የሚቀድመው የለም። በጣም ቀነሰ። አሁን ትንፋሹን ሰማ፤ ስድስቱም ተከታትለው ከኋላው ያዘግማሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ባነሩ ነው ያዘዛቸው፤ ዳር የቆመው ሕዝብ ነው ያዘዛቸው፤ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ያንን ምስኪን ሲቀድም መታየት የሚፈልግ አልነበረም። ዋርካው ጋ ሲደርስ ኤርጫፎ ጨርሶ ቆመ። ሁሉም ቆሙ። አንዱ ጎንበስ ብሎ የታሰረ ጫማውን ማሰር ጀመረ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሩጫ አይቻለሁ፤ ሯጮች ተሰልፈው የቆሙበትን ግን ያንን ብቻ ነው ያየሁት።

"እለፉኝ!" ብሎ ጮኸ ኤርጫፎ። "ኧረ በእግዜር እለፉኝ!"

ሕዝቡ አጨበጨበ። "እዩት፣ ለወንድሞቹ ሲያስብ!" አሉ እማማ በለጥሽ ዕንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

ያን ጊዜ ከመጨረሻ ቆሞ የነበረው ቴዎ መጣ። ኤርጫፎ አጠገብ ሲደርስ ዓይን ለዓይን ተያዩ። "ግመል" አለው ቴዎ፤ አልፎት ሄደ።

ኤርጫፎ፣ ቴዎ አንድ ሁለት እርምጃ እስኪርቅ፣ እንደ ድንጋይ ቆመ፤ ከዚያ ተወረወረ። ከኋላቸው ጩኸቱ ተነሳ። "ጨካኝ! እጅ የሌለውን! አታፍርም?" ድንጋይ የያዘ ነበር፣ አስጣሉት እንጂ። እማማ በለጥሽ፣ ሙዝ ለሰው ከመስጠት በቀር ምንም የማያውቁት ሴት፣ የበሰበሰ ሙዝ አንስተው ቴዎ ጀርባ ላይ ለጠፉበት። ኤርጫፎ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም። ፊት ለፊቱ የማያዝንለት ጀርባ ነበር፤ ሙዝ የተለጠፈበት፣ የሚሸሸው፣ በእውነት የሚሸሸው ጀርባ። ሳንባው ተቃጠለ፣ ዓይኑ ጨለመ፣ ትከሻው ዝቅ አለ፣ ወገቡ ቀጥ አለ። እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። እንደዚያም ተደስቶ አያውቅም። ተሸነፈ። ሁለተኛ ወጣ። መሬት ላይ ተዘርሮ ሲስቅ፣ አበደ ብለው ውሃ ደፉበት።

ሽልማቱ ላይ ቴዎ ሲጠራ ያጨበጨበ ሦስት ሰው ይሆናል። ቀጥሎ ሰብሳቢው ድምፁን ሞቅ አድርጎ "ልዩ የጽናት ዋንጫ!" አለ። የአንደኛው ሽልማት ትንሽ ሜዳሊያ፣ የኤርጫፎ ዋንጫ ጉልበት የሚደርስ ነበር። በአንድ እጅ የሚያዝ አልነበረምና ሁለት ልጃገረዶች ደግፈው አስያዙት። ማይክራፎኑ አፉ ላይ ተደቀነ። "እኔ..." አለና ሕዝቡን አየ። ያለፈውን ዓመት ሊናገር ነበር። ሁሉንም ሊናገር ነበር። ግን በፊተኛው ረድፍ አጎቱ ተቀምጠዋል፤ እርጥብ ሣራቸውን እንደያዙ፣ ዕንባና ፈገግታ በፊታቸው ላይ። እጁ ከተቆረጠበት ቀን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አላየም። ሣሩን እንዴት ይርገጥ? ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። "አመሰግናለሁ" አለ። ሕዝቡ እንደገና አለቀሰ።

በማግስቱ ጠዋት ቴዎ ባጃጅ ተራው መጣ። ሰው ሲያየው ፊቱን ያዞርበት ስለነበር ኮፍያውን ዝቅ አድርጓል።

"ሰዓት ይዤብህ ነበር" አለ። "ዋርካው ጋ ሳልፍህ ሰዓቴን ነክቼ፣ አንተ እስክትገባ ጠበቅኩህ። እኔ ሰባት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። አንተ ሰባት ከአሥራ ሰባት።"

"በሰባት ሰከንድ" አለ ኤርጫፎ ቀስ ብሎ።

"በሰባት። ግን አንተ ቆመህ ነው የተነሳኸው። እኔ እየሮጥኩ ነው ያለፍኩህ። እሱን እኔ አላስብልህም፤ ራስህ አስበው።"

ኤርጫፎ በዚያ ዓመት ከተማው ከሰጠው ነገር ሁሉ የራሱ ያለው ይህን ብቻ ነው። ዋንጫውን አልጋ ሥር ከተተው፤ ሰባት ሰከንዱን ግን ለብቻው ሲሆን እያወጣ ያየው ነበር። ሰኔ ላይ ቴዎ ተመረቀ። አውቶቡስ ሲሳፈር ሰዓቱን ፈትቶ ኤርጫፎ ክንድ ላይ ራሱ አሰረለት። "ጠበቀ?" አለው። "ላላ አድርገው" አለ ኤርጫፎ። ቴዎ አላላለት። ከዚያ አውቶቡሱ ወደ ምዕራብ ዓባያ መንገድ ታጥፎ ጠፋ፤ ኤርጫፎን የሚያሸንፍ ሰው በአርባ ምንጭ አልቀረም። ቢሮጥ በቀጣዩ ሩጫ አንደኛ ይወጣል፤ በሚቀጥለውም ይወጣል። እሱ ግን አልተመዘገበም። ሰው "ምስኪን፣ ያ ጨካኝ ልቡን ሰብሮት" አለ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ብቻውን ይሮጥ ጀመር። ሰዓቱን በጥርሱ ያስረዋል። ቁልፉን የሚጫንበት ሌላ እጅ ስለሌለው ዋርካው ጋ ሲደርስ ክንዱን ከፍ አድርጎ በአገጩ ይነካዋል፤ ዳገቱ ጫፍ ላይም እንዲሁ። ሰባት ከሃያ። ሰባት ከአሥራ አምስት። ሰባት ከአሥራ አንድ፤ እዚያች ላይ ሁለት ወር ተገተረ። ጋሽ ተክለጻድቅ አንዳንድ ቀን በሩቅ ቆመው ያዩታል። ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ እርቅ ነውና። ሌላ ነገር አይነጋገሩም፤ እርቅ ነውና።

ጥቅምት 2008፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረበት አንድ ጠዋት፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሰዓቱን በአገጩ ነክቶ ጎንበስ ብሎ አየው። ሰባት ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ። አላመነም። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ሰባት ከስድስት። ዙሪያውን አየ። አስፋልቱ ላይ ማንም የለም። ከታች ሁለቱ ሐይቆች ተኝተዋል። ይህን የሚነግረው ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ማንም ይሁን። ቁልቁል ሮጦ፣ እያለከለከ ዋርካው ሥር ደረሰ።

"እማማ!" አለ፣ "በለጥኩት!"

እማማ በለጥሽ ሙዛቸውን ይደረድሩ ነበር። "ማንን፣ የኔ ልጅ?"

"ቴዎን! ያንን ተማሪ። በአራት ሰከንድ!"

እማማ በለጥሽ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አዩ። ማንም አልነበረም። ከዚያ ላቡን አዩ፣ የተቋጠረውን እጅጌ አዩ፣ ዓይኑ ውስጥ ያለውን ደስታ አዩ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ያንን ጨካኝ? እሱ እኮ ከሄደ ቆየ፣ የኔ ምስኪን። እርሳው በቃ። የእጁን እግዜር ይሰጠዋል። አይዞህ" አሉና ሦስት ሙዝ አስታቀፉት።

ኤርጫፎ አፉን ከፈተ። ስንት ነገር ነበረው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" አላቸው። ሙዞቹን ደረቱ ላይ ይዞ፣ የባጃጆቹ ሰልፍ እንዳይበላሽ፣ ወደ ሲቀላ ወረደ።